ተኩላው አያትየዋን ይብላት ወይስ ቁም ሳጥን ውስጥ ትደበቅ?

በዚህ ወር ከጎጃም የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ለትናንሽ ልጆች ስለሚነበቡ ባለ ሥዕል የተረት መጻሕፍት። ሲንደሬላ፣ ባለ ቀይ ቆቧ ልጅ፣ ስኖው ዋይት፣ እነዚህ ሁላችንም የምናውቃቸው። ስድስቱን መርጬ እንደሚከተለው መልሻለሁ። ደብዳቤዎቹን ትንሽ አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ይቅርታ።

«ሁለት መጽሐፍ አለኝ። ሁለቱም የባለ ቀይ ቆቧ ልጅ ተረት ነው። በአንዱ ተኩላው አያትየዋን ይውጣታል። በሌላው አያትየዋ ቁም ሳጥን ውስጥ ተደብቃ ትተርፋለች። የአራት ዓመት ልጄ የመጀመሪያውን ሳነብላት አለቀሰች። በማግሥቱ ግን ያንኑ አምጪ አለችኝ። ትክክለኛው የትኛው ነው? የትኛውን ላንብብላት?» (እናት፣ ደብረ ማርቆስ)

እህቴ፣ አንቺ ጋ ካሉት ከሁለቱም የባሰ አለ። ይህን ተረት መጀመሪያ በመጽሐፍ ያሳተመው ሻርል ፔሮ የሚባል ፈረንሳዊ ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1697 ነበር። በእሱ ተረት ተኩላው አያትየዋን ይበላል፣ ልጅቷንም ይበላል፣ በቃ አለቀ። አዳኝ ብሎ ነገር የለም። መጨረሻው ላይ ያለው፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ወሬ ለሚጀምሩ ልጃገረዶች የተጻፈ የግጥም ምክር ብቻ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1812 ግሪም የሚባሉት ጀርመናውያን ወንድማማቾች ሲያሳትሙት ግን አዳኝ ይመጣል፣ የተኛውን ተኩላ ሆዱን በመቀስ ይቀደዋል፣ ልጅቷም አያትየዋም በሕይወት ይወጣሉ፣ ከዚያ ሆዱ ውስጥ ድንጋይ ይሞሉበታል። ቁም ሳጥኑ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ልጆች እንዳይደነግጡ ተብሎ።

እኔ ብሆን የምትዋጥበትንና የምትወጣበትን ነው የማነብላት። ልጅሽ እኮ መልሱን ራሷ ሰጥታሻለች። አልቅሳ ሳለ ያንኑ አምጪ ያለችው ፍርሃቱ ሲጀምርም ሲያልቅም ማየት ስለፈለገች ነው። አያትየዋ ገና ከመጀመሪያው ከተደበቀች ተኩላው ምንም አላደረገም፤ ሊጠይቅ የመጣ እንግዳ ሆነ። ያልጠፋ ነገር ደግሞ ሲገኝ ደስ አይልም።

የእኛ አገር ልጅ ከሚያስፈራ ሥዕል ጋር አዲስ አይደለም። ዘጌ ወርደሽ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ብትገቢ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ታሪክ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን በጦር ሲወጋ ያላየ ልጅ የለም። ሰባ ስምንት ሰው የበላውን የበላዔ ሰብን ታሪክ ከአያቱ አፍ ያልሰማ ስንት ይሆን? ግን ልብ በይ፣ የድሮ ሠዓሊዎቻችን ልጁንም አዋቂውንም የሚረዱበት ዘዴ ነበራቸው። ደጉን ሰው ሁለት ዓይኑ እንዲታይ አድርገው ይሥሉታል፤ ክፉውን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ማን ማን እንደሆነ ያውቃል። ሥዕሉ ያስፈራል፣ ግን ግራ አያጋባም።

ስለዚህ መጽሐፍ ስትገዢ ገና አዟሪው ፊት እንደቆምሽ የመዋጡን ገጽ ፈልጊ። ሠዓሊው ምን አደረገ? ደምና ጥርስ ብቻ ከሞላበት ተይው። ጥሩ ሠዓሊ መዋጡን አያሳይም። በዚህኛው ገጽ ተኩላው አልጋው አጠገብ ቆሟል፤ ስትገልጪው ሆዱ ተነፍቶ ተኝቷል። መሀል ላይ የሆነውን ልጅሽ በራሷ አቅም ልክ ትሥለዋለች። ጉስታቭ ዶሬ የሚባለው ፈረንሳዊ በ1860ዎቹ ለፔሮ ተረት የሣለውን ካገኘሽ እይው፤ ተኩላው የአያትየዋን የሌሊት ቆብ አጥልቆ አልጋ ላይ ነው፣ ልጅቷ ከጎኑ ሆና ብርድ ልብሱን ወደ ራሷ ሰብስባ ታየዋለች። ማንም ማንንም አልነካም። ግን ትንፋሽ ያስይዛል። ይኼኛው ለአራት ዓመት ልጅ ይከብዳል፣ ለአንቺ ነው ያልኩሽ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ተኩላው ሆድ ውስጥ እያሉ መጽሐፉን አትዝጊ። እንቅልፍ ቢወስዳትም ጨርሽው። ቀን ላይ ደግሞ «ዝም በይ፣ አያ ጅቦ መጣልሽ» የምንለውን ነገር ተይ። ልጆቻችንን ሌሊት የሚያስቃዣቸው ከመጽሐፉ ይልቅ ያ ነው፤ ምክንያቱም ያኛው ጅብ ሆዱ ተቀዶ አያውቅም።

«ውጭ አገር ያለች እህቴ ለልጄ የእንግሊዝኛ የሥዕል መጽሐፍ ላከችለት። በጣም የሚያምር ነው። እኔ የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ነው፤ ሳነበው እየተንተባተብኩ ልጁ ይሰለቻል። ለሰው ልስጠው?» (አባት፣ ፍኖተ ሰላም)

ወንድሜ፣ እንዳትሰጠው! መጽሐፉን ይዘህ ልጁን ጭንህ ላይ አስቀምጥና ጽሑፉን በእጅህ ሸፍነው። ከዚያ «ምን አየህ?» በለው።

የሥዕል መጽሐፍ ትልቁ ነገር ሥዕሉ ጽሑፉ የማያውቀውን ማወቁ ነው። አንድ ጊዜ ለጎረቤቴ ልጅ ሳነብለት እኔ ፊደሉ ላይ አፍጥጫለሁ፤ «አያቴ፣ ጆሮሽ ለምን ተለቀ?» የሚለው ቦታ ደርሻለሁ። እሱ ጣቱን የገጹ ጥግ ላይ ሰክቶ «ጭራው! ጭራው ወጥቷል!» ይለኛል። እውነትም ከብርድ ልብሱ ሥር የጭራው ጫፍ ወጥቷል። ጽሑፉ ስለ ጭራ አንድም ቃል አይልም። ያን መጽሐፍ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ አላየሁትም ነበር። ልጁ ገና ሀ ሁ አልጀመረም፤ ከእኔ በላይ አነበበ ማለት ነው።

ስለዚህ አንተ ተርክለት። በራስህ አማርኛ፣ ከጓደኞችህ ጋር በምታወራበት አፍ። ከመጀመርህ በፊት አንድ ቀን ማታ ብቻህን ገጾቹን ግለጥና ታሪኩን በሥዕሉ ተከተለው፤ ያልገባህ ቦታ ካለ እህትህን በስልክ ጠይቃት። ድምፅህን ለዋውጥ። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ለአሥርተ ዓመታት ልጆችን አፍ ያስከፈቱት በድምፃቸውና በፊታቸው ነበር፤ እጃቸው ላይ መጽሐፍ አልነበረም። ዛሬ ያልከውን ነገ ብትለውጥበት ልጁ ያርምሃል። ሲያርምህ ደስ ይበልህ፤ ሰምቶሃል ማለት ነው። እንግሊዝኛውን ከፈለገ ቆይቶ ራሱ ይደርስበታል።

«የባለቤቴን ሴት ልጅ የማሳድገው እኔ ነኝ፤ አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ በሕይወት የለችም። ትምህርት ቤት ሲንደሬላን አንብበውላት መጣች። ማታ ላይ ‹አንቺ እንጀራ እናቴ ነሽ?› አለችኝ። ምን እንደምመልስላት ጠፍቶኝ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እነዚህ መጻሕፍት ባይኖሩ አይሻልም?» (ከቡሬ)

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የምነግርሽ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም።

ግሪም ወንድማማቾች በ1812 ባሳተሙት የመጀመሪያው መጽሐፍ ስኖው ዋይትን ለማስገደል የላከቻት ክፉ ንግሥት እንጀራ እናቷ አልነበረችም። የወለደቻት እናቷ ነበረች። በ1819 በወጣው ሁለተኛ እትም ነው ወላጅ እናትየዋን ገድለው እንጀራ እናት ያስገቡት። ጫካ ውስጥ የተጣሉት የሃንሰልና የግሬተል እናትም እንደዚሁ መጀመሪያ ላይ እናት ብቻ ተብላ ነው የተጻፈችው፤ እንጀራ እናት የሆነችው በኋለኞቹ እትሞች ነው። ወንድማማቾቹ ይህን ያደረጉት የእናትነትን ክብር ላለመንካት ነው ይባላል። ወላጅ እናት ልጇን ትጥላለች ብሎ መጻፍ ከበዳቸው፣ ጥፋቱን ሌላዋ ሴት ላይ አደረጉት። እንግዲህ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የአንቺ ቢጤ ሴቶች የተሸከሙት ስም ከፊሉ አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ብዕር ይዞ የለወጠው ቃል ነው። የሲንደሬላዋ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ በፔሮም ከመጀመሪያው እንጀራ እናት ነች።

መጻሕፍቱ ባይኖሩ አልልሽም። ልጅቷ ከአንቺ ቤት ብትከለከልም ከጓደኞቿ ትሰማዋለች። ይልቅ መጽሐፉን አንቺ ራስሽ አንብቢላት። አዎ፣ አንቺ። ሲንደሬላ ምድጃ ሥር አመድ ላይ የምትቀመጥበት ገጽ ላይ ስትደርሺ ቁሚና «ይቺ ልጅ በርዷታል፤ እኛ ብንሆን ምን እናደርግላት ነበር?» በያት። «ጋቢ እናለብሳታለን» ትልሽ ይሆናል። «ወደ እኛ ቤት ትምጣ» ትልሽ ይሆናል። ያኔ ክፉዋ ሴት ገጹ ላይ ቀረች፣ አንቺ ደግሞ ከልጅቷ ጎን ነሽ።

ለጥያቄዋ ደግሞ እውነቱን መልሽላት፤ «አዎ፣ እንጀራ እናትሽ ነኝ» በያት። ቃሉን አትፍሪው። አማርኛችን ሲሰይምሽ እንጀራን ከስምሽ ጋር አጣብቆታል። ጠዋት ምጣድ ስትጥጂ አጠገብሽ አቁሚያትና ከዳሩ ቆርሰሽ በትኩሱ ስጫት። ከተረቱ በፊት እሷ የምታውቀው እንጀራ እናት ማለት ይህ ነው።

የመዋዕለ ሕፃናቱን መምህራንም አንድ ቃል ልለምናችሁ። ሲንደሬላን ከማንበባችሁ በፊት ክፍላችሁ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር እወቁ።

«ሃምሳ ስምንት ልጆች፣ አንድ መጽሐፍ። ከኋላ ያሉት ሥዕሉ አይታያቸውም፣ ይጮኻሉ። ምን ላድርግ?» (የኬጂ መምህርት፣ ዳንግላ)

መምህርት፣ መጽሐፉን ፊትሽ አድርገሽ አታንብቢ። ታሪኩን ቤት አጥኚውና መጽሐፉን በትከሻሽ ልክ ወደ እነሱ አዙረሽ ያዥው። አንድ ገጽ ስትጨርሺ ሳትናገሪ በረድፎቹ መሀል ቀስ ብለሽ ዙሪ፤ ዝምታው ራሱ ያረጋጋቸዋል። ከጀርባ ያሉት ዛሬ ሥዕሉን በደንብ ካላዩት ነገ ከፊት ይቀመጡ። መጀመሪያ ላይ «ተረት ተረት!» በያቸው፣ «የመሠረት!» ይበሉሽ። ሃምሳ ስምንት ልጅ በአንድ አፍ ከመለሰ በኋላ መጮህ አያምረውም።

«ባሕር ዳር ነው የምኖረው፤ ሥዕል ተምሬያለሁ። የባለ ቀይ ቆቧን ልጅ ተረት በእኛ አገር መልክ ሥዬ በአማርኛ ማሳተም እፈልጋለሁ። ሰው ግን ‹የፈረንጅ ተረት ምን ያደርጋል› ይለኛል። መብቱስ? ገጹስ ስንት ይሁን?» (ወጣት ሠዓሊ)

ወንድሜ፣ ከመብቱ ልጀምርና ቶሎ ልለፈው። ተረቱ የማንም አይደለም፤ ፔሮም ግሪሞችም ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሥራ የሚጠበቀው ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። ስለዚህ የጥንቱን ተረት በራስህ ቃል መጻፍ ትችላለህ። ፊልም ላይ ያየኸውን የልጅቷን ፊትና ልብስ ወይም የአንድ የዛሬ ሠዓሊን ሥዕል መገልበጥ ግን አትችልም። ገጹ 32 ይሁን፤ ልማድ ነው፣ ምክንያቱም አንድ ትልቅ ወረቀት ታጥፎ 16 ገጽ ይሰጣል፣ ሁለቱ 32 ይሆናል። ከዚያ ላይ የርእሱና የአሳታሚው ገጽ ሲቀነስ ሁለቱን ገጽ የሞላ ሥዕል ወደ 14 ያህል ይተርፍሃል። ታሪኩን በ14 ሥዕል መንገር ካቃተህ ታሪኩ ረዝሟል።

አሁን ወደ ዋናው። ተረት እኮ ድሮም አገር ሲለውጥ ልብስ ይለውጣል። ሲንደሬላ በቻይና ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የተጻፈ ወንድም ተረት አላት፤ እዚያ የምትረዳት የዓሣ አጥንት ናት፣ ጫማዋም የወርቅ ነው። ፈረንሳይ ስትደርስ የመስታወት ሆነ። አንተ ጋ ስትደርስ ለምን ፈረንጅ ትሆናለች?

ግን የአውሮፓ ቤተ መንግሥት ሥለህ ልጅቷን ጥበብ ቀሚስ ብታለብሳት ተረቱ አልመጣም፤ ቀሚሱ ብቻ ነው የተለወጠው። ከውስጥ ጀምር። ፔሮ ልጅቷ ለአያቷ ይዛ የምትሄደውን ሲጽፍ ቂጣና አንዲት ማሰሮ ቅቤ ነው ያለው። ቂጣና ቅቤ! ይህማ የእኛው ነው። ቅርጫቱን ትተህ አገልግል አሲዛት። ቆቡ ላይ ደግሞ አስብበት፤ ጎጃም ውስጥ ለልጅ ቆብ ካልከው መነኩሴ ነው የሚታየው። እኔ ብሆን ገሳ አለብሳታለሁ። እረኛው በክረምት ከራሱ እስከ ወገቡ የሚደፋው ገሳ ቅርጹ ቁርጥ የዚያች ልጅ ልብስ ነው። ቀይ ገሳ የለም ትለኝ ይሆናል። አክርማ ቀይ ነክረን ሙዳይ እንሰፋ የለ? እናቷ የሰፋችላት ቀይ ገሳ አድርገው። ከአረንጓዴው የክረምት ማሳ መሀል ቀይ ነጥብ ሆና ከሩቅ ስትታይ ይታይህ። ሽፋንህ እሱ ነው።

ተኩላውን ጅብ ታደርገዋለህ ብዬ እገምታለሁ። ጥሩ ነው፤ «አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ» ብሎ ላደገ ልጅ ሰበብ እየፈለገ የሚያወራ አውሬ አዲስ አይደለም። ግን ጅብ በጠራራ ፀሐይ መንገድ ላይ ቆሞ አያወራም። ስለዚህ ልጅቷ አመሻሽ ላይ ትውጣ። ይህ ደግሞ ቀለምህን ይሰጥሃል፤ የመጀመሪያው ገጽ ሲጀምር የአሥራ አንድ ሰዓት ፀሐይ፣ ከዚያ እየደበዘዘ፣ እየጠቆረ፣ አያትየዋ ጎጆ ስትደርስ ብርሃን የሚመጣው ከምድጃው ብቻ። ልጅ ቃሉን ባይሰማም ቀለሙ ሲጨልም ልቡ ይመታል። አዳኙ መቀስ ይዞ ባይመጣ ግድ የለም፤ ግን ሆድየው ይከፈት። እንደ ድሮዎቹ ሠዓሊዎች ጅቡን በጎን፣ በአንድ ዓይን ሣለው። መጨረሻ ላይ ሲያዝ ብቻ ፊቱን ወደ እኛ ያዙር።

ጽሑፉንም አማርኛ ጽፈህ ጨርሰው። «እነሱም ለዘላለም በደስታ ኖሩ» የሚለውን ትርጉም ተወውና «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» በልልን።

«ጽሑፉን የምጽፍልዎ የልጅ ልጃቸው ነኝ፤ አያቴ የሚሉት ይህን ነው። ‹በእኔ ጊዜ ተረት ከአፍ ነበር። አሁን ልጆቹ ሥዕል ካላዩ አይሰሙኝም። የፍየሏንና የጅቡን ተረት ስጀምርላቸው መጽሐፉ የታል ይሉኛል። የእኛው ተረት ሊጠፋ ነው ወይ?›» (ከቢቸና)

እማማ፣ እንዴት ሰነበቱ? እኔም ደብረ ኤልያስ አካባቢ ነው ያደግሁት፤ ማታ እሳት ዳር እንደርስዎ ባለች አያት ነው ጆሮዬ የተከፈተው። ስጋትዎ ይገባኛል። ተረት ወደ መጽሐፍ መግባቱ ግን መጥፋት አይደለም። የጎጃሙ ሐዲስ አለማየሁ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» በፊት ያሳተሙት መጽሐፍ ስሙ «ተረት ተረት የመሠረት» ነው። ግሪሞቹም ቢሆኑ ብዙውን ተረት የሰበሰቡት ከሰው አፍ ነው፤ ያወጉላቸው ደግሞ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ።

የፍየሏ ተረትዎ ደግሞ ዘመድ አለው። በግሪሞች መጽሐፍ ውስጥ ሰባት ግልገሎች ያሏት ፍየል አለች። ተኩላው በር ላይ መጥቶ «እናታችሁ ነኝ» ይላል፤ ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ግልገሎቹ ያውቁበታል። ሄዶ ጠመኔ በልቶ ድምፁን ያቀጥናል። መዳፉ ጥቁር መሆኑን ሲያዩበት ዱቄት ይቀባዋል። ይህን መጽሐፍ የልጅ ልጅዎ ቢያገኝልዎ ሥዕሉን እያሳዩ የራስዎን ተረት ይንገሯቸው። ተኩላውን ጅብ ይበሉት፤ ማንም አይቆጣዎትም። መጽሐፍ ካልተገኘም ልጆቹ ራሳቸው ይሣሉት። ደብተርና ከሰል ይበቃል፤ እርስዎ ሲያወጉ አንዱ ፍየሏን፣ አንዱ በሩን፣ አንዱ ጅቡን።

አንድ ነገር ግን ይንገሩኝ። የልጅ ልጅዎ ደብዳቤውን ሲጽፍ ቸኩሎ ነው መሰለኝ መጨረሻውን አልጻፈውም። በቢቸናው ተረት ጅቡ ድምፁን ለማቅጠን ምን በላ? ግልገሎቹስ እንዴት ወጡ? አስጽፈው ይላኩልኝና በሚቀጥለው ወር እዚሁ ላይ አወጣዋለሁ።